በትልልቅ ዓሣ ነባሪዎች ቆዳ ላይ ያለ ጠባሳ፦ የሻርክ ንክሻ ነው ወይስ ሌላ? ችግርና መፍትሄ

ከጀልባ ላይ የተነሳ ፎቶ ከፍታችሁ የዓሣ ነባሪው ጎን በነጫጭ ክቦች ተዥጎርጉሮ ስታዩት፣ እጃችሁ ወዲያው «የሻርክ ንክሻ» ብሎ ለመጻፍ ይቸኩላል። አንዳንዴ ልክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ቅርጹን ብቻ አይቶ የተሰጠ ግምት ነው። ጠባሳ የሚለየው ቅርጹ፣ ጥልቀቱ፣ ጠርዙ፣ አደራደሩና ያረፈበት ቦታ አንድ ላይ ሲታዩ ነው። ከዚህ በታች በብዛት የሚያሳስቱትን እንያቸው።

ችግር፦ ሞላላ ጉድጓድ፣ ከቡና ሲኒ አፍ ትንሽ የሚያንስ፣ በጎንና በሆድ ላይ ተበታትኖ

ይህ የኩኪካተር ሻርክ ሥራ ነው። ሻርኩ ራሱ ግማሽ ሜትር ያህል ነው፤ ከእጅ ክንድ ብዙም አይበልጥም። ቀኑን ጥልቅ ውኃ ውስጥ ይውልና ሲመሽ ወደ ላይ ይወጣል። በከንፈሩ ቆዳው ላይ ይጣበቃል፣ የላይኛው መንጋጋ ትንንሽ ጥርሶች ይይዙለታል፣ ከ25 እስከ 31 የሚደርሱትና ሥራቸው እርስ በርስ የተያያዘው የታችኛው መንጋጋ ባለሦስት ማዕዘን ጥርሶች ደግሞ እንደ መጋዝ ይቆርጣሉ። ገላውን አዙሮ ሲለቅ ክብ የሥጋ ቁራጭ ይዞ ይሄዳል። የሚቀረው ቀዳዳ ወደ 5 ሴ.ሜ. ስፋት፣ እስከ 7 ሴ.ሜ. ጥልቀት ሊኖረው ይችላል። ቁስሉ ከቆዳው አልፎ ስቡ ውስጥ የሚገባውም ለዚህ ነው።

ከ1971 በፊት ይህ ጉድጓድ በባክቴሪያ፣ በጥገኛ ነፍሳትና በላምፕሬይ (በአፉ ተጣብቆ የሚመጥ እባብ መሰል ዓሣ) ይመካኝ ነበር። በዚያ ዓመት ተመራማሪው ኤቨረት ጆንስ የሻርኩን አፍ ከቁስሉ ቅርጽ ጋር አስተያይቶ ነገሩን ፈታው። (በዚያው አሥርት ዓመት የአሜሪካ ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች የጎማ ሽፋናቸው በዚሁ ትንሽ ሻርክ ተቦድሶ ወደብ ገብተዋል፤ ምርጫው ላይ ብዙም እንደማይጨነቅ ከዚህ ይታያል።)

መፍትሄ፦ ጠርዙን አቅርባችሁ ተመልከቱ። ትኩስ ንክሻ ጠርዙ ቀጥ ብሎ የወረደ፣ ውስጡ ቀይ ወይም ሐምራዊ ነው፤ ስቡም ነጣ ብሎ ይታያል። በከፊል የዳነው ውስጡ ሞልቶ መሐሉ ብቻ ጎድጉዷል፣ ጠርዙም ለዝቧል። የዳነው ሞላላ እድፍ መስሎ ይቀራል፤ አንዳንዱ መሐሉ ላይ እንደ ኮከብ የተጨማደደ መስመር አለው። «ሻርኩ ግማሽ መንገድ ላይ ተወው» የሚባልም አለ፦ አዙሮ ሳይጨርስ ሲላቀቅ ጉድጓድ ሳይሆን የጨረቃ ቅርጽ ያለው ቁርጥ ብቻ ይተዋል። ይህን የትልቅ ሻርክ ንክሻ ብለው የሚመዘግቡ ብዙ ናቸው፤ ስፋቱን ስትለኩ ግን 5 ሴ.ሜ. አካባቢ ሆኖ ይገኛል።

የመዳን ደረጃውን መዝግቡ፣ የተነከሰበትን ቀን ግን ከእሱ አታስሉ። አንድ የተረጋገጠ ነገር አለ፦ ኩኪካተር የሞቃት ውቅያኖስ ነዋሪ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ የታየ ዓሣ ነባሪ እነዚህን ጠባሳዎች ከያዘ ወደ ሞቃቱ ወርዶ እንደነበር ይመሰክራሉ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ደርባንና ዶንከርጋት በነበሩ የዓሣ ነባሪ ማረጃ ጣቢያዎች የተመዘገቡት ጠባሳዎች ዛሬም ለጥናት የሚያገለግሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ችግር፦ ክብ ነው፣ ግን ጥልቀት የለውም

ጉድጓድ ከሌለ ኩኪካተርን አስወጡና ቦታውን ተመልከቱ። ሃምፕባክ የተባለው ዓሣ ነባሪ ላይ፣ አገጩ፣ ክንፉና የጅራቱ ጫፍ ላይ ያለ ጠፍጣፋ ቀለበት ኮሮኑላ የተባለው፣ ቆዳ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ባለቅርፊት የባሕር እንስሳ ተነቅሎ የተወው ነው። ስፐርም ዓሣ ነባሪ ላይ፣ ራስና አፍ አካባቢ የተደረደሩ ክቦች የትልቅ ስኩዊድ (ረጃጅም ክንዶች ያሉት የባሕር እንስሳ) መምጠጫዎች ናቸው፤ መምጠጫው ዙሪያው ጥርስ ያለው ቀለበት ስለሆነ ቆዳውን ይቦጭራል። በሰሜን አትላንቲክ ደግሞ ላምፕሬይ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ቢሆን የሚፍቀው ላይ ላዩን ነው።

ችግር፦ ትልቅ ግማሽ ክብ፣ ወይም ከጅራቱ ጠርዝ የተገመጠ ቦታ

እዚህ ላይ ነው ታላቁ ነጭ ሻርክ፣ ነብር ሻርክና ደስኪ ሻርክ የሚጠረጠሩት። ትክክለኛው ምልክት በቅስት ላይ የተደረደሩ የጥርስ ነጥቦች ወይም ቁርጦች ናቸው፤ አንዳንዴ ሁለት ቅስቶች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። መሐሉ ሥጋ ከጎደለው ጠርዙ የተቦጫጨቀ ይሆናል። ነጥቦቹ ካልታዩ የጅራት ጉድለት ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ ገመድም፣ ኦርካም (ገዳይ ዓሣ ነባሪ የሚባለው) እንዲሁ ይገምጣል።

ሬሳ ሲሆን ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። ሻርኮች በሞተ ዓሣ ነባሪ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፣ ስቡን እየቦጨቁ ይበላሉ። ከሞት በኋላ የተነከሰ ቦታ የመዳን ምልክት የለውም፦ ጠርዙ አልሞላም፣ አልጠቆረም፣ አዲስ ቆዳ አልጀመረም። በነዚያ ቅርጾች ብዛት «ሻርክ ገደለው» ብሎ መደምደም ስህተት ነው። መፍትሄው ከሁሉ በፊት በሕይወት እያለ የዳኑትን ለይቶ መቁጠር፣ ቀሪዎቹን «ከሞት በኋላ ሊሆን ይችላል» በሚል አምድ ማስፈር ነው።

ችግር፦ ጎን ለጎን የተሰመሩ መስመሮች

መስመር ሻርክ አይደለም ማለት ይቻላል። ጅራት ላይ ሦስትና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ እኩል የተራራቁ ጭረቶች ኦርካ ጥርሱን እያንሸራተተ የሰመራቸው ናቸው፤ ብዙዎቹ የሚገኙት በግልገልነት ጊዜ ነው። በሰውነቱ ርዝመት ተራ በተራ የተደረደሩ፣ ጎበጥ ያሉና ተመሳሳይ ርቀት ያላቸው ጥልቅ ቁርጦች የመርከብ ፕሮፔለር ናቸው። የጅራቱን አንገት ዙሪያውን የጠመጠመ፣ ወይም ከአፍ ማዕዘን የሚነሳ ነጭ መስመር ገመድ ነው። የሰሜን አትላንቲክ ራይት ዓሣ ነባሪዎች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ በዓሣ ማጥመጃ ገመድ ተጠልፈው ጠባሳውን ይዘው ይዞራሉ። ስለዚህ የጅራቱን አንገት ሳታዩ ምንም አትደምድሙ፤ ወንድ ሃምፕባኮች ሲጣሉ የሚፋጩትም ጭረት ይጨምራል።

ደቡባዊ ራይት ዓሣ ነባሪ ላይ፣ በተለይ በአርጀንቲና ፔኒንሱላ ቫልዴስ፣ ጀርባ ላይ ቁስል ካያችሁ ደግሞ ቀና በሉ፦ የባሕር ወፎች ናቸው። ኬልፕ ጋል የተባለው ወፍ ዓሣ ነባሪው ለመተንፈስ ብቅ ሲል ወርዶ ቆዳና ስብ ይቆነጥራል። ወፍ የሚደርሰው ከውኃ በላይ የሚወጣው ጀርባ ጋ ብቻ ነው፤ ኩኪካተር ግን ሆዱንም ጎኑንም አይምርም።

ችግር፦ በድሮን ለካችሁ፣ ስፋቱ ግን ከማንም ንክሻ ጋር አልገጠመም

አብዛኛው ስህተት ከፍታው ላይ ነው። አንድ ፒክሰል የሚሸፍነው = ከፍታ × የፒክሰል መጠን ÷ የሌንስ የትኩረት ርዝመት (focal length)። ድሮኑ 30 ሜትር ላይ፣ ፒክሰሉ 0.0033 ሚ.ሜ.፣ ሌንሱ 25 ሚ.ሜ. ከሆነ አንድ ፒክሰል ወደ 4 ሚ.ሜ. ይመጣል። ስለዚህ 5 ሴ.ሜ. ስፋት ያለው ንክሻ 12 ወይም 13 ፒክሰል ብቻ ነው። አንድ ፒክሰል ብትስቱ 8 በመቶ ያህል ሳታችሁ ማለት ነው።

የባሰው ግን ድሮኑ ከፍታውን ከተነሳበት ቦታ መቁጠሩ ነው። ከውኃው 2 ሜትር ከፍ ካለ የጀልባ ወለል አስነስታችሁ ማሳያው 30 ካለ፣ ከባሕሩ ያላችሁ ርቀት 32 ነው፤ ያንን ሳትጨምሩ ብትለኩ ሁሉም ጠባሳ 6 በመቶ ገደማ ያንሳል። መፍትሄው፦ የሌዘር ከፍታ መለኪያ ማሰር፣ ከሌለ የወለሉን ከፍታ መደመር፣ እንዲሁም በእያንዳንዱ በረራ ርዝመቱ የታወቀ ነገር፣ ለምሳሌ የራሳችሁን ጀልባ፣ ከላይ አንስቶ ማስተያየት። ካሜራው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ማየት አለበት፤ የጎበጠ ጎን ላይ ያለ ክብ ከላይ ሲታይ ሞላላ ይሆናል፣ «ሞላላ ነው» ብላችሁ የጻፋችሁት ያኔ የሰውነቱ ጥምዝ ነው።

ከጀልባ ለምታነሱ፣ 10 ሴ.ሜ. ተራርቀው የታሰሩ ሁለት ትይዩ ሌዘሮች ይበቃሉ። ከመነሳታችሁ በፊት ግድግዳ ላይ በ10ና በ20 ሜትር አብሩ፤ ሁለቱም ቦታ 10 ሴ.ሜ. ካላሳየ ብሎኑን አስተካክሉ። የእንስሳው ዓይን ላይ በፍጹም አታብሩ።

ችግር፦ ባለፈው ዓመት 14 ጠባሳ ነበረ፣ ዘንድሮ 9 ነው

ወይ ድነው ደብዝዘዋል፣ ወይ ብርሃኑ በልቷቸዋል። ፀሐይ ዝቅ ስትል የዳነ ጠባሳም ጥላ ይጥልና ትኩስ ጉድጓድ ይመስላል፤ እርጥብ ቆዳ ሲያንጸባርቅ ደግሞ ግማሹ ይጠፋል። የመዝጊያ ፍጥነቱን ከ1/1000 ሰከንድ አታውርዱ፣ ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱ፣ በሮው (RAW፣ ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው) ፎርማት አስቀምጡ፣ በአንድ መተንፈስ ውስጥ በተከታታይ አንሱ። ቁጥሩንም ሰውነቱን በሙሉ ሳይሆን በተወሰነ ክፍል ቁጠሩ፦ ለምሳሌ ከጀርባ ክንፉ እስከ ጅራቱ አንገት፣ ግራ ጎን ብቻ። ቀኝና ግራን ደምሮ ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው።

ግለሰቡን ለመለየትም በጠባሳ ብቻ አትመኩ። ሃምፕባክ የሚለየው በጅራቱ የታችኛው ገጽ ቀለምና በኋለኛው ጠርዙ ቅርጽ ነው፤ ጠባሳው ደጋፊ ነው።

በመዝገቡ ላይ አንዱ መስመር እንዲህ ቢጻፍ በቂ ነው፦ «ግራ ጎን፤ ከጀርባ ክንፉ በስተኋላ 40 ሴ.ሜ.፤ ሞላላ፣ 5 በ4 ሴ.ሜ.፤ በከፊል የዳነ፣ መሐሉ የጎደጎደ፤ ኩኪካተር፤ እርግጠኝነት ከፍተኛ፤ መለኪያ ሌዘር»። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት ካላገኛችሁ «ያልታወቀ» ብላችሁ ተዉት።