ልጃችሁ ፍቺ ላይ እያለች ቤተሰቧን ወደ አሜሪካ ስፖንሰር ለምታደርጉ

ቅዳሜ ለታ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን አንዲት ከመጣች ሁለት ዓመት እንኳን ያልሞላት እናት ጠጋ አለችና "እትዬ፣ አዳማ ያለችው ልጄ ከባሏ ጋር ፍቺ ላይ ናት፣ የጀመርኩላት ፕሮሰስ ምን ይሆናል?" ብላ ጠየቀችኝ። ያለሽ ግሪን ካርድ ነው? አዎ። ስትጀምሪላት ባለትዳር ነበረች? አዎ፣ ሁለት ልጅ አላት። ማን ሞላልሽ? አንድ ፎርም የሚሞላ ሰው፣ 900 ዶላር ከፍዬው። የያዝኩትን ንፍሮ አስቀመጥኩት።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ያገባ ልጁን የሚያመጣበት መንገድ በአሜሪካ ሕግ የለም። የለም ማለት የለም ነው፣ ጠብቀው የሚያገኙት አይደለም። አሁን ብትፋታም ያ ፋይል አይነሳላትም፣ ምክንያቱም የገባው ባለትዳር እያለች ነው፣ ፍቺው በፍርድ ቤት ካለቀ በኋላ እንደ አዲስ ነው የሚገባው። ሰውየው ይሄን ሳያውቅ ነው ብር የተቀበለው ወይስ እያወቀ፣ ሁለቱም ያስቆጣል። ግን እሷም ብትሆን 900 ዶላር ከመክፈሏ በፊት አንድ ሰው መጠየቅ ነበረባት፣ ስንት ሰዓት ቆማ እንደምታገኘው አውቃለሁና።

ዘንድሮ ብቻ ይሄን ስመልስ አራተኛዬ ስለሆነ አንዴ ልጻፈው። ሎየር አይደለሁም። ናዝሬት ያደግኩ (እኛ አዳማን አሁንም ናዝሬት ነው የምንለው)፣ ልጄን ለማምጣት ከ10 ዓመት በላይ የጠበቅኩ፣ በመጨረሻም አንዱ የልጅ ልጄ የቀረብኝ እናት ነኝ።

መጀመሪያ መደቡን ለዩ። ግሪን ካርድ ካላችሁ ከ21 ዓመት በላይ የሆነ ልጃችሁን ማመልከት የምትችሉት ካላገባ ብቻ ነው። እየጠበቀ ካገባ፣ እናንተ ሲቲዝን ከመሆናችሁ በፊት ከሆነ፣ ፋይሉ ያን ቀን በራሱ ይሞታል። ቢፋታም አይነሳም። "ማዘጋጃ አልፈረሙም እኮ፣ ቤተክርስቲያን ብቻ ነው"፣ "በሽማግሌ ነው የተጋቡት፣ ወረቀት የለውም" የምትሉ አላችሁ። በኢትዮጵያ ሕግ በሃይማኖት የተፈጸመም በባህል የተፈጸመም ጋብቻ ጋብቻ ነው፣ አሜሪካም የሚያየው እዚያ የጸና መሆኑን ነው። ሠርጉ ላይ ስንት ሰው ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፎ ኢንተርቪው ላይ አላገባሁም ማለት ውሸት ነው፣ ያውም ዕድሜ ልክ የሚያስከለክል ውሸት።

ሲቲዝን ከሆናችሁ ሁለት መንገድ አለ። ያላገባ ወይም የተፋታ ልጅ ኤፍ ዋን ይባላል፣ ያገባ ልጅ ኤፍ ስሪ። ለእያንዳንዳቸው ሕጉ የመደበው በዓመት 23,400 ቪዛ ነው፣ ለዓለም ሁሉ፣ የትዳር ጓደኛና ልጆች ከዚያው ላይ ነው የሚቆጠሩት። ኤፍ ስሪ ከ10 ዓመት በላይ ያስጠብቃል፣ ኤፍ ዋን እንደምንም ቀደም ይላል። ልጃችሁ በኤፍ ስሪ እየጠበቀች ፍቺዋ ካለቀ ፋይሉ ወደ ኤፍ ዋን ይዞራል፣ ፕራዮሪቲ ዴቷ ማለትም ማመልከቻው የገባበት፣ ወረፋዋ የሚቆጠርበት ቀን አብሮ ይሄዳል፣ ባል ከፋይሉ ይወጣል፣ ልጆቿ ከሷ ጋር ይቀጥላሉ። ስለዚህ "ፕሮሰሱን ላቁመው ወይ?" ለምትሉኝ፣ ሲቲዝን ከሆናችሁ አታቁሙ። ለፋይሉ የሚቆጠረው ግን ፍርድ ቤት የወሰነበት ቀን ነው። የተጣሉበት፣ ዕቃ የተካፈሉበት፣ እናቷ ቤት የተመለሰችበት ቀን ምንም አይደለም።

እኔ የወደቅኩት እዚህ ላይ ነው።

በ2009 በፈረንጆች ሲቲዝን እንደሆንኩ ለልጄ አመለከትኩ፣ ባለትዳር ነበረች፣ ሁለት ልጅ። ማመልከቻው ሁለት ዓመት ቆይቶ ጸደቀ፣ ከዚያ ወረፋ። በ2018 ከባሏ ጋር ነገሩ ከረረ። ባሏ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፣ መጥፎ ሰው አልነበረም፣ ቤት ግን አልነበረም። ፋሲካ ሰሞን ሽማግሌ ተቀመጠ፣ አልታረቅም አለች፣ ቤቱ ለሷ፣ መኪናዋ ለሱ ተብሎ በሁለት ገጽ ተጽፎ ሦስት ሽማግሌዎች ፈረሙበት። ደውላ "እማዬ፣ ተፋታን" አለችኝ። እኔም አመንኳት፣ እሷም እውነቷን ነበር። ያን ወረቀት አስተርጉሜ ወደ ፋይሉ ላክሁ። ሦስት ወር ሙሉ መልስ የለም፣ ስደውል "እየታየ ነው"፣ ስደውል "እየታየ ነው"። በመጨረሻ የመጣው አንድ አንቀጽ ነው፣ ይህ የፍቺ ሰነድ አይደለም የሚል።

በሀገራችን የቤተሰብ ሕግ ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ያደራድራል፣ አያፋታም። የሚያፋታው ፍርድ ቤት ነው። ሁለቱም ፈቅደው የሄዱበት የሸሪአ ፍርድ ቤት ሌላ ነው፣ እሱ በሕግ የተቋቋመ ነው። እሷ ፍርድ ቤት ለመሄድ ደግሞ ስታቅማማ ከረመች፣ ሰው ምን ይላል ነው፣ እኔም አልገፋኋትም። ፋይል ስትከፍት ባል ጅቡቲ፣ መጥሪያ የሚደርሰው የለም፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ። ውሳኔው የወጣው በመጋቢት 2019 በፈረንጆች ነው።

አሁን ሒሳቡን እዩት። የልጅ ልጄ የተወለደው ጥር 1996 በፈረንጆች ነው። ሕጉ ለልጆች ማካካሻ አለው፣ ማመልከቻው ሳይጸድቅ የቆየበት ጊዜ ከዕድሜያቸው ላይ ይቀነሳል፣ ለኛ ሁለት ዓመት። ልብ በሉ፣ የሚቀነሰው እስኪጸድቅ ያለው ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ወረፋ የተጠበቀው ዓመት አንዱም አይቀነስም። ከተቀነሰ በኋላ ዕድሜው ቪዛ በተገኘበት ጊዜ ከ21 በታች መሆን አለበት። የኛ ቀን በኤፍ ዋን ቀድሞ ደርሶ ስለነበር ቪዛ የተገኘው ፍቺው ሲወሰን ነው። መጋቢት ላይ ልጁ 23 ዓመት ከሁለት ወር፣ ሁለት ሲቀነስ 21 ከሁለት ወር። ሁለት ወር! የሽማግሌዎቹን ወረቀት ይዘን ከፋሲካ ጀምሮ የተቀመጥንባቸው ወራት በቂ ነበሩ። ልጄና ትንሿ መጡ፣ እሱ ቀረ። ኤርፖርት ትንሿ "ወንድሜስ?" ስትለኝ የመለስኩላት የለኝም። እናቱ ግሪን ካርድ ስታገኝ እንደ አዲስ አመለከተችለት፣ የድሮው ቀን አይሻገርለትም፣ ከመጨረሻው ወረፋ። ናዝሬት፣ ፍራንኮ አካባቢ ባጃጅ እየነዳ ይጠብቃል፣ የሚወዳት ልጅ አለች፣ እናቱ ሲቲዝን እስክትሆን አታግባ ያልኩት እኔው ነኝ።

ስለዚህ ልጃችሁ "ተለያየን" ባለቻችሁ ዕለት የልጅ ልጆቻችሁን የልደት ቀን ጽፋችሁ ቁጭ በሉና ቁጠሩ። 21 የተጠጋ ካለ ያን ሳምንት ሎየር ክፈሉ፣ ፎርም የሚሞላ ሰው ሳይሆን ሎየር። ትልቅ ልጅ ከሌለ ግን አታጣድፏት፣ የትዳር ነገር የቪዛ ወረፋ አይነዳውም፣ መታረቅ ከፈለገችም ትታረቅ።

ውሳኔው ሲወጣ ደግሞ ትርጉሙን ተጠንቀቁ። አዳማ ኦሮሚያ ስለሆነ የፍርድ ቤት ውሳኔ በአፋን ኦሮሞ ነው የሚጻፈው። ከዚያው ቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ ይተርጎም፣ ወደ አማርኛ ተርጉሞ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚሠራ አለ፣ ስሙ ፓስፖርት ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። ቀኑ የኢትዮጵያ መሆኑም በግልጽ ይጻፍ። የኛ ተርጓሚ 2011ን እንዳለ 2011 ብሎ አስቀመጠው፣ ፈረንጁ ሲያነበው ልጄ ከተፋታች ስምንት ዓመቷ ነው፣ ያንን ለማረም ሌላ ሁለት ወር ሄደ። ከወሳኝ ኩነት የፍቺ ምስክር ወረቀትም አብራችሁ አውጡ።

ትንሽ ልጅ ካለ፣ ፍቺው ላይ ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር ሲወሰን ወደ ውጭ ይዛው መሄድ እንደምትችል በዚያው መዝገብ ይጠየቅ። በኋላ አባትየውን ፈልጎ ማስፈረም፣ በተለይ ኩርፊያ ካለ፣ ሌላ ጣጣ ነው።

የወረቀት ፍቺ ስለሚባለው ደግሞ፣ ኤፍ ዋን ይፈጥናል ብላችሁ ባልና ሚስት አንድ ቤት እየኖሩ ፍርድ ቤት ልካችሁ የምታፋቱ፣ እባካችሁ ተዉ። ኢንተርቪው ላይ አብረው መኖራቸው ከታወቀ ፍቺው የይስሙላ ነው ብለው አይቀበሉትም፣ የማጭበርበር መዝገብ ከተከፈተባት ደግሞ በሌላም መንገድ ለመምጣት ይከብዳታል። ልጆቹም አባታቸውና እናታቸው ዳኛ ፊት ሲዋሹ እያዩ ነው የሚያድጉት።

የገንዘቡ ወረቀት፣ አይ 864 የሚባለው፣ የሚመጡትን በገንዘብ እደግፋለሁ ብላችሁ የምትፈርሙት፣ ብዙ ሰው ሳያነብ ነው የሚፈርመው። ገቢያችሁ ከድህነት መስመሩ 125 በመቶ መድረስ አለበት፣ የሚመጡት ሁሉ ከቤተሰባችሁ ጋር ተደምረው። እናንተ ራሳችሁ ከተፋታችሁና የባል ገቢ ከቀረ ተባባሪ ስፖንሰር ፈልጉ። ዋናው ግን ይሄ ነው፦ ልጃችሁ ከባሏ ጋር እየተጨቃጨቀች፣ "ይምጣና እዚህ ይታረቃሉ" ብላችሁ ለአማቻችሁ ከፈረማችሁ፣ መጥተው በወሩ ቢፋቱ እንኳን ፊርማችሁ አይሰረዝም። ሲቲዝን እስኪሆን ወይም 40 ሩብ ዓመት የሥራ ክሬዲት እስኪሞላለት፣ 10 ዓመት የሚሆን ሥራ ማለት ነው፣ ወይም ግሪን ካርዱን ትቶ እስኪሄድ ወይም አንዳችሁ እስክትሞቱ ኃላፊነቱ የናንተ ነው። የማውቃቸው አባት የቀድሞ አማቻቸው ከሷቸው ፍርድ ቤት ሲመላለሱ አይቻለሁ፣ ልጃቸው ሌላ አግብታ ወልዳለች።

ያቺን እናት በመጪው ቅዳሜ ቤቴ ቀጥሬያታለሁ፣ ኢሚግሬሽን የላከላትን ደብዳቤ ሁሉና የልጅ ልጆቿን የልደት ቀን ይዛ ትመጣለች። ትልቁ 15 ዓመቱ ነው አለችኝ። እስከዚያ ለሰውየው ሁለተኛ ክፍያ እንዳትሰጠው ብያታለሁ።