ማንዋል ስፖርት መኪና ለጎጃም መንገድ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማንዋል ይሻላል ወይስ አውቶማቲክ የሚለው ክርክር ባሕር ዳር ውስጥ፣ ዘንባባ በተተከለበት ሜዳ አስፋልት ላይ ከሆነ መጨረሻ የለውም፤ ሁለቱም ይሄዳል። ከጎሃ ጽዮን አባይ በረሃ ወርዶ ደጀን መውጣት ሲመጣ ግን ነገሩ ይለያል። ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ይህ መንገድ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። ጎጃም ውስጥ ስፖርት መኪና የሚገዛ ሰው ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) የሚመርጠው ለዚህ መንገድ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱትም ምርጫው ላይ ብቻ ሳይሆን የመረጡበት ምክንያትና ከዚያ በኋላ ያለው አያያዝ ላይ ነው።

ማንዋል የሚገዛው ስለሚፈጥን ነው ብሎ ማሰብ

ድሮ እውነት ነበር። ዛሬ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኝና የሚለያይ ክፍል) አውቶማቲክ አንዱ ማርሽ እየሠራ ቀጣዩን አስገብቶ ይጠብቃል፤ ሲቀይር አንዱን ፍሪሲዮን ለቆ ሌላውን ይይዛል፣ በቃ። የትኛውም እጅና እግር አይደርስበትም። ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣውን 911 ጂቲ3 በዚህ ካምቢዮ ብቻ ነበር የሸጠው። ደንበኞቹ ማንዋሉን አምጡልን አሉ፤ በ2017 በምርጫ ተመለሰ። ቶዮታም ሱፕራን በ2019 በአውቶማቲክ ብቻ አስጀምሮ በ2022 ማንዋል ጨመረበት። ማንዋሉ የተመለሰው ሰከንድ ለመቆጠብ ሳይሆን መንዳት ደስ እንዲል ነው። ማንዋል የሚገዛ ሰው የሚከፍለውም ለዚሁ ስለሆነ፣ ዓላማው ከሌላው መኪና መቅደም ብቻ ከሆነ ሌላ ነገር ይፈልግ።

አውቶማቲክን ሁሉ አንድ አድርጎ መቁጠር

ቢያንስ ሦስት ዓይነት አለ። በቶርክ ኮንቨርተር የሚሠራው የቆየው ዓይነት ነው፤ ኃይሉ በዘይት በኩል ስለሚተላለፍ ዳገት ላይ ቀስ እያሉ መሄድን ይችላል፤ ዘይቱና ማቀዝቀዣው ደህና ከሆኑ ብዙ አያስቸግርም። ሲቪቲ በብረት ቀበቶ የሚሠራ ነው፤ ለከተማና ለነዳጅ ቁጠባ ጥሩ ነው፣ በረዥም ዳገት ላይ እየተረገጠ ግን ዘይቱ ይሞቃል፣ ኮምፒውተሩም ራሱን ለማዳን ጉልበት ይቀንሳል። ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ፣ በተለይ ፍሪሲዮኑ በዘይት የማይነከረው ዓይነት፣ ክፍት መንገድ ላይ ፈጣን ነው፤ በገበያ ቀን ደምበጫ ወይም ፍኖተ ሰላም መሐል ከብቱንና ሰዉን እያሳለፈ ሽቅብ ሲንፏቀቅ ግን ሸራው ይቃጠላል። ማንዋልን ማወዳደር ያለብዎት መኪናው ከሚመጣበት ከዚያው ዓይነት አውቶማቲክ ጋር ነው። ቶዮታ 86ን ብንወስድ አውቶማቲኩ ቶርክ ኮንቨርተር ስለሆነ ማንዋሉ ከቆመበት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይቀድመዋል።

ከፍታውን መርሳት

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እስከ አራት አንድ ያጣል፤ ወረቀቱ ላይ 200 ፈረስ ጉልበት የተጻፈለት መኪና 150 እና 160 አካባቢ ይዞ ነው የሚወጣው። ችግሩ ይበልጥ የሚታየው ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር ዝቅተኛ ሲሆን ነው። ባሕር ጠለል አጠገብ በ1,200 ዙር የሚነሣው መኪና እዚህ ይጠፋል፤ ነጂው ሞተሩ እንዳይጠፋበት ብሎ ዙሩን አብዝቶ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል። ደጋ ላይ ፍሪሲዮን ቶሎ የሚያልቀው አንዱ በዚህ ነው። ምርጫ ካለ ተርቦ ያለው ሞተር ጉልበቱን በተሻለ ይይዛል።

አባይ በረሃን በዜሮ ማርሽ መውረድ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ መደረጉ ደግሞ የበለጠ ያሳዝናል። ኢንጀክሽን (ነዳጅ በኮምፒውተር የሚረጭበት ሥርዓት) ያለው ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሡ ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል፤ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው። ዜሮ ካደረጉት ግን ሞተሩ ራሱን ለማቆየት ነዳጅ መጠጣት አለበት። ስለዚህ በዜሮ መውረድ ነዳጅ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ የመኪናውም ክብደት ሙሉ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

ፍሬን ያለማቋረጥ ሲያዝ ምን ይሆናል? ሸራው ይግላል፣ መያዙ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ወደ ፍሬን ዘይቱ ይዘልቃል። አዲስ ዶት 3 ዘይት የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ነው፤ ዶት 4 በ230። ዘይቱ ከአየር እርጥበት እየጠጣ ሲያረጅ ግን የሚፈላበት ዝቅተኛ መመዘኛ ለዶት 3 ወደ 140፣ ለዶት 4 ወደ 155 ይወርዳል። ሲፈላ ቱቦው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋ ይጨመቃል፣ ዘይት አይጨመቅም፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፣ መኪናው አይቆምም። ከዚህ በኋላ የሚያድነው ማርሽ ብቻ ነው። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይቀየር ሲባል ምክንያቱ ይኸው ነው፤ በዚህ መንገድ ለሚመላለስ ሰው ዶት 4 ይሻለዋል።

አወራረዱ እንዲህ ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ገና ሜዳው ላይ፣ ማርሽ ይቀንሱ፤ ያንን ዳገት ለመውጣት የሚያስፈልግዎት ማርሽ ለመውረዱም ይሆናል። ቶዮታ 86 በሁለተኛ ማርሽ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሞተሩ 3,000 ዙር አካባቢ ነው፤ ይህ ለሞተሩ ምንም አይደለም፣ ድምፁ አያስደንግጥዎ። ፍጥነቱ ወደ 50 ሲያልፍ ፍሬኑን ጠንከር አድርገው ለአጭር ጊዜ ይያዙና ወደ 35 ሲወርድ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁት። ለረዥም ጊዜ በስሱ እየነኩ መውረድ ፍሬኑን እረፍት ስለሚነሣው ነው የሚያግለው። የሸራ ሽታ ከሸተተዎት ከመንገዱ ወጥተው ይቁሙ፤ በማርሽ ያቁሙት፣ ለጎማው ድንጋይ ያስደግፉለት፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያሳርፉት። ውኃ አያፍሱበት፤ የጋለ ዲስክ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

እዚህ ላይ ለአውቶማቲክ ነጂም አንድ ቃል፦ «አውቶማቲክ በሞተር አይያዝም» የሚባለው ሐሰት ነው። ካምቢዮው ዲ ላይ ከተተወ ማርሹን ራሱ ይጨምራል፣ መኪናውም ይንሸራተታል። ወደ ማንዋል አሠራሩ ወይም ወደ 2 እና ኤል አውርዶ ማቆየት ነው። ማንዋል የሚበልጠው የያዙት ማርሽ እርስዎ ካልቀየሩት ስለማይቀየር ነው።

በፍጥነት ላይ ሳሉ የተሳሳተ ማርሽ ማስገባት

አውቶማቲክ ሞተሩን የሚጎዳ ማርሽ እንዲያስገባ ቢታዘዝ እምቢ ይላል። ማንዋል ታዛዥ ነው። ያው 86 በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ላይ በሦስተኛ 4,900፣ በሁለተኛ 6,900 ዙር አካባቢ ይዞራል፤ ቀዩ መስመር (ሞተሩ ሊያልፈው የማይገባው ዙር) 7,400 ላይ ነው። በዚያው ፍጥነት አንደኛ ገብቶ ፍሪሲዮኑ ከተለቀቀ ሞተሩ ከ11,000 በላይ ለመዞር ይገደዳል፤ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ወይም ፍሪሲዮኑ ይበተናል። ዙር ሲበዛ ነዳጅ የሚቆርጠው መከላከያም አያድነውም፤ ሞተሩን እያዞረው ያለው ጎማው ነውና። ስለዚህ ማርሹን ጨብጠው አይጎትቱ፤ በመዳፍ ይግፉት፣ መሐል ላይ ሲደርስ ራሱ መስመሩን ያገኛል።

እግርን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፎ መንዳት፣ ዳገት ላይም በፍሪሲዮን መቆም

የእግር ክብደት ትንሽ ቢመስልም የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ ያለ እረፍት ያሽከረክረዋል፤ ሸራውም ሳይጠብቅ ይንሸራተታል። ዳገት ላይ ሲቆሙ የእጅ ፍሬን ይሳቡ። ለመነሣት አንደኛ አስገብተው ሞተሩን 1,800 ዙር አካባቢ ያድርሱት፣ ፍሪሲዮኑን የመኪናው አፍንጫ ቀና እስኪል ይልቀቁ፣ ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ያውርዱ። ከሁለት ሰከንድ በላይ ማንሸራተት አያስፈልግም።

ሸራው ሲያልቅ ሌላ ስህተት ይከተላል፤ ሸራውን ብቻ መቀየር። የድካሙ ትልቁ ክፍል ካምቢዮውን ማውረድ ነው። ከወረደ ወዲያ ሸራው፣ ሸራውን የሚጫነው ዲስክና ኩሽኔታው አብረው ይቀየሩ። ቮላኖው (ሸራው የሚያርፍበት የሞተሩ ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ሰማያዊ ቃጠሎ ወይም ስንጥቅ ካለው ይታይ፤ ከሞተሩ ጀርባ ያለው የዘይት ጎማም ካፈሰሰ አሁኑኑ ይቀየር፣ አለዚያ አዲሱ ሸራ ዘይት ነክቶት ያንሸራትታል።

የካምቢዮ ዘይት፣ ዘይት ነው ብሎ ማለፍ

ብዙ ማንዋል ካምቢዮ ጂኤል-4 ደረጃ 75ደብሊው-90 ይፈልጋል፤ መጽሐፉን ማየት ነው። ጂኤል-5 ለዲፈረንሻል የተሠራ ነው፤ ውስጡ ያለው የድኝ ቅመም አንዳንድ ጊዜ የነሐስ ሲንክሮናይዘሮችን (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያስተካክሉ ቀለበቶችን) ይበላል፣ ከመጠን በላይ አንሸራታች ስለሆነም ማርሹ እየተፋጨ ይገባል። መጠኑ ብዙ ጊዜ 2 ሊትር አካባቢ ነው። ከመቀየሩ በፊት መጀመሪያ የሚፈታው የላይኛው መሙያ ቡሎን ነው። የታችኛውን ፈትቶ ዘይቱን ካፈሰሱ በኋላ የላይኛው ዝጎ እምቢ ቢል መኪናው ያለ ዘይት እዚያው ጋራዥ ይቀራል። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ዘይቱ ከመሙያው ቀዳዳ መፍሰስ ሲጀምር ሞልቷል።

ሳይፈትሹ መግዛት

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የሚገኘው ማንዋል ስፖርት መኪና አገር ውስጥ ያለው ያገለገለው ነው፤ አዲስ የሚገባው የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ማርሽ የሚቀየርበት አይደለም። ስለዚህ ፍተሻው ላይ ይጨክኑ።

ከአውቶማቲክ ወደ ማንዋል ተገልብጦ እንደሆነ ያጣሩ፤ ፔዳሉ፣ የፍሪሲዮን ፓምፑ፣ የሞተሩ ኮምፒውተር፣ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ርዝመት ሁሉ አብሮ መለወጥ አለበት፤ ግማሹ ከቀረ የማስጠንቀቂያ መብራት አይጠፋም። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከብረቱ ጋር ይመሳከር። ከሥር ገብተው የዘይት ገንዳውን ይዩ፤ የ13 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይዞ ጠጠር መንገድ የገባ መኪና ጠባሳው አይደበቅም።

ፍሪሲዮኑን በአራተኛ ማርሽ፣ በሰዓት 50 አካባቢ፣ ቀላል ዳገት ላይ ነዳጁን ሙሉ በመርገጥ ይሞክሩት፤ ዙሩ ዘሎ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለ ሸራው አልቋል። ሲንክሮናይዘሩን የሚያጋልጠው ደግሞ ብርድ ነው። ሻጩ ሞተሩን አሙቆ እንዳይጠብቅዎ በጠዋት ይሂዱ፣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመልሱት፤ ቢንቋቋ ካምቢዮው ይፈታል ማለት ነውና ዋጋውን በዚያው ልክ ያውርዱ።