የሻወር ፍሳሽ ሙቀት መላሽ ቱቦ፦ ችግርና መፍትሄ

ደሴ ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ ስላለች ጠዋት የቧንቧው ውሃ እጅ ያደነዝዛል። ከገላ ላይ ወርዶ ወደ ፍሳሽ የሚገባው ውሃ ግን ገና ሙቅ ነው። ከመዳብ በተሠራ የፍሳሽ መውረጃ ላይ የመዳብ ቱቦ ጠምጥሞ ወደ ቦይለር የሚሄደውን ቀዝቃዛ ውሃ በዚያ ማሳለፍ ከሙቀቱ የተወሰነውን ይመልሳል። ሁለቱ ውሃዎች አይገናኙም። በደቂቃ 8 ሊትር የሚያልፍ ውሃ 8 ዲግሪ ቢሞቅ 4.5 ኪሎዋት ገደማ ተመለሰ ማለት ነው፤ ለፔንሲዮንና ለሆቴል ቀላል አይደለም።

ተገጥሞም ቆጣሪው እንደ ድሮው ይሮጣል

ብዙ ጊዜ መግቢያና መውጫው ተገልብጦ ነው። ሻወሩ ተከፍቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ የተጠመጠመውን ቱቦ ጫፍና ጫፍ በእጅ ይዳስሱ። ቀዝቃዛው ከታች ገብቶ ከላይ ለብ ብሎ መውጣት አለበት። ከላይ ከገባ መጀመሪያ ሙቁን ፍሳሽ ያገኝና ታች ሲደርስ ከቀዘቀዘው ጋር ይጨርሳል፤ ስለዚህ ብዙ አይሞቅም። ሁለቱን መጋጠሚያዎች ማቀያየር ይበቃል።

እሱ ትክክል ከሆነ መውረጃው ተጋድሞ እንዳይሆን ይዩ። ፍሳሽ በቆመ ቱቦ ሲወርድ ግድግዳውን ዙሪያውን ይዞ በስሱ ይወርዳል፤ ሲጋደም ግን በሥሩ ብቻ ይፈሳል። «ቤቴ ፎቅ አይደለም፣ የት አቆመዋለሁ?» የሚል አይጠፋም። ደሴ ዳገት ናት፤ በቁልቁለት በኩል ብዙ ምድር ቤት ከሥሩ በቂ ቁመት አለው።

የሻወሩ ውሃ ቀጠነ

በተለይ ውሃ በፈረቃ ሆኖ ከሮቶ ሲመጣ። ከሻወሩ 3 ሜትር ከፍ ያለ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ያህል ብቻ ነው፤ ረጅምና ቀጭን ጥምጥም ያንኑ ይበላዋል። ሮቶውን ከፍ ያድርጉ፣ ወይም አንዱን ረጅም ጥምጥም ጎን ለጎን በሚሠሩ ሁለት አጫጭር ይተኩ።

መጀመሪያ ሠርቶ ኋላ ደከመ

የሳሙና ቅሪትና ቅባት የመውረጃውን ውስጥ ለብሶታል። የወጥ ቤት ፍሳሽ ተቀላቅሎ ከሆነ ይለዩት፤ ከዚያ በረጅም ብሩሽና በሙቅ ውሃ ያጽዱ። አሲድ አይሞክሩ፣ መዳቡን ይበላል።

ልብስ ስናጥብ ምንም አልቆጠበም

ብልሽት አይደለም። በሳፋ ተጠራቅሞ በኋላ የሚደፋ ውሃ ሲወርድ ቀዝቃዛው እየገባ አይደለም፤ ሙቀት የሚሻገረው ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲፈሱ ነው።

ደሴ የሠራው ኮምቦልቻ ላይ አልሆነም

ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለችና ሞቅ ያለች ስለሆነች ቀዝቃዛው ውሃ ራሱ ያን ያህል አይቀዘቅዝም፣ የሚመለሰውም ያንሳል። እዚያ ገንዘቡን ለሶላር ማሞቂያ ባውለው እመርጣለሁ።