ፈረሱ ጂ5 ላይ ሲመጣባችሁ ምን ትጫወታላችሁ

ድሬ ላይ ለቼዝ ውድድር ልትቀመጡ ካሰባችሁ ይቺን ሳታውቁ ጥቁር ይዛችሁ እንዳትገቡ አቦ። እኔ ከዚራ ዛፍ ስር ከጓደኞቼ ጋ ስጫወት የሚችለኝ አልነበረም፣ የመጀመሪያ ውድድሬ ላይ ግን አንድ 14 ዓመት ቢሆነው የሚሆን ልጅ በዚችው ሸኘኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው (ፊደሉ የቦርዱን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ነው የሚናገረው)፣ ነጭ ወታደሩን ኢ4 እናንተ ኢ5፣ እሱ ፈረስ ኤፍ3 እናንተ ፈረስ ሲ6፣ ከዛ ቢሾፑን፣ በሰያፍ የሚሄደውን፣ ሲ4 ላይ ያወጣዋል፣ ጣልያን ጌም የሚባለው ማለት ነው። ሁለተኛውን ፈረሳችሁን ኤፍ6 ስታወጡ ብዙ ሰው ወዲያው ፈረሱን ጂ5 ይወረውራል። አሁን ፈረሱም ቢሾፑም ኤፍ7 ላይ አፍጥጠዋል፣ ያቺን ወታደር ደሞ ከንጉሱ ሌላ የሚጠብቃት የለም።

ወታደራችሁን ዲ5 ግፉ፣ የቢሾፑን መንገድ ይዘጋል። እሱ በኢ ወታደሩ ይበላዋል። እዚህ ጋ እጃችሁን ሰብስቡ! በፈረስ መልሶ መብላት ያምራል፣ እኔም በላሁ። ልጁ ምንም ሳይል ፈረሱን ኤፍ7 ላይ አስገባው፣ ቬንትሌተሩ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ንግስቴንና ጥግ ላይ ያለውን ሩኬን አንዴ ያዘብኝ። በንጉስ በላሁት፣ ንግስቱ ኤፍ3 ላይ መጥታ ቼክ፣ ዲ5 ያለውን ፈረሴንም ጨምራ። ፈረሱን ላድን ካልኩ ንጉሴ ኢ6 መውጣት አለበት፣ የድሬ ሰባት ሰዓት ፀሀይ ላይ ጥላ አጥቶ እንደቆመ ሰው ማለት ነው። ጥቁር እዛ ጋ ገና አልተሸነፈም የሚሉ አሉ፣ ሰዓቱ እየቆጠረባችሁ ግን አትሞክሩት።

ትክክለኛው ሲ6 ያለውን ፈረስ ኤ5 ወስዶ ቢሾፑን ማባረር ነው። ፈረስ ዳር ላይ አይወደድም ይባላል አውቃለሁ፣ እዚህ ግን ስራ አለው። ቢሾፑ ቢ5 ላይ ቼክ ይላል፣ ወታደር ሲ6 ግፉበት፣ በዲ5 ወታደሩ ይበላዋል፣ በቢ ወታደር መልሳችሁ ብሉ። ቢሾፑ ወደ ኢ2 ሲሸሽ ወታደር ኤች6 ግፉ፣ ፈረሱ ኤፍ3 ሲመለስ ኢ4 ገፍታችሁ ድጋሚ አስነሱት፣ ኢ5 ላይ ቢቀመጥ ቢሾፓችሁን ዲ6 አውጡበት፣ ከዛ ካስል፣ ንጉሱን ከሩኩ ጋ ወደ ዳር ደብቁት ማለት ነው። አንድ ወታደር ጎሎባችኋል፣ አትደንግጡ፣ እሱ ያንኑ ፈረስና ቢሾፕ ሲያመላልስ እናንተ የራሳችሁን እያወጣችሁ ነው።

ውድድር ላይ የነኩትን ማንቀሳቀስ ግዴታ ነው፣ ስለዚህ ዲ5 ከተበላ በኋላ እጃችሁ ሳይሄድ አይናችሁ ኤፍ7ን ይይ። ጓደኛችሁን ነጭ አስይዙትና ከፈረስ ጂ5 ጀምራችሁ አስር ጊዜ ተጫወቱት፣ ከዛ ከለር ተቀያየሩ።