የትኩሳቱን ቀን ቁጠሩ፦ ከ6 ወር በታች ባለ ሕፃን ላይ ካዋሳኪን በጊዜ መለየት

ጅማ ከተማ ውስጥም ሆነ አጋሮ፣ ሰርቦ ወይም አሰንዳቦ የአራት ወር ሕፃን በትኩሳት ሲመጣ ባለሙያው አስቀድሞ የሚያስበው ወባን፣ የሳንባ ምችን፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንንና ማጅራት ገትርን ነው። ማሰቡም ትክክል ነው፤ የሚበዙትም ቶሎ የሚገድሉትም እነሱ ናቸው። ይህ መመሪያ የሚመለከተው እነሱ ተፈልገው ያልተገኙበትን፣ ወይም ታክሞም ትኩሳቱ አልበርድ ያለውን ሕፃን ነው።

ካዋሳኪ መካከለኛ ስፋት ያላቸውን የደም ቅዳ ቧንቧዎች የሚያስቆጣ በሽታ ነው። ስሙን ያገኘው በ1967 እ.ኤ.አ. በዝርዝር ከጻፈበት ጃፓናዊ የሕፃናት ሐኪም ከቶሚሳኩ ካዋሳኪ ነው። የሚያስፈራው ልብን በሚመግቡት ኮሮናሪ ቧንቧዎች ላይ ሲያርፍ ነው፤ ግድግዳቸው ይላላል፣ ይነፋል፣ በተነፋውም ውስጥ ደም ይረጋል። ይህ መነፋት አኑሪዝም ይባላል። ሳይታከሙ ከቀሩ 100 ልጆች 25 ያህሉ እዚህ ይደርሳሉ፤ በ10 ቀን ውስጥ ኢሚዩኖግሎቡሊን (ከለጋሾች ደም የተዘጋጀ፣ በደም ሥር የሚሰጥ አንቲቦዲ) ካገኙ ቁጥሩ ወደ 4 ይወርዳል። ከ6 ወር በታች ያሉት ግን ምልክታቸው ከሁሉ ያነሰ፣ የቧንቧ ጉዳታቸው ከሁሉ የበዛ ነው።

ቀን ቆጠራ

በትልልቅ ልጆች ምርመራው በምልክት ይሄዳል። 5 ቀን የሞላው ትኩሳት ኖሮ የሁለቱም ዓይን መቅላት፣ የከንፈርና የምላስ መቅላት፣ ሽፍታ፣ የእጅና የእግር ማበጥ ወይም መቅላት፣ እንዲሁም 1.5 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ የአንገት ንፍፊት ይፈለጋል፤ ከአምስቱ አራቱ ሲገኙ ካዋሳኪ ነው ይባላል። ጨቅላው ይህን አሟልቶ እስኪመጣ መጠበቅ አኑሪዝሙን መጠበቅ ነው። ንፍፊቱ በዚህ ዕድሜ እምብዛም አይታይም። አንዳንዱ ከትኩሳትና በምንም ከማይባበል ለቅሶ በቀር የሚያሳየው ነገር የለም።

ስለዚህ ቀን ይቆጠራል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር የ2017 መመሪያ እንደሚለው ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት 7 ቀን የሞላው ሕፃን ሌላ አንድም ምልክት ባይኖረው እንኳ ሲአርፒና ኢኤስአር (በሰውነት ውስጥ ቁጣ መኖሩን የሚያሳዩ የደም ምርመራዎች) ይሠራለታል። ሁለት ወይም ሦስት ምልክት ካለው 5 ቀን ይበቃል። ከ2 ወር በታች ያለው ግን ትኩሳት በታየበት በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይላካል፤ ቆጠራው እዚያ ይቀጥላል።

ቆጠራው የሚበላሸው አጠያየቁ ላይ ነው። «ከመቼ ጀምሮ?» ሲባል መልሱ «ሰንብቷል» ነው። ይልቅ «የዓርብ ጁምዓ ዕለት ሰውነቱ ያቃጥል ነበር? ከዚያ በፊት በነበረው የገበያ ቀንስ?» ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። አንደኛው ቀን ትኩሳቱ የጀመረበት እንጂ እናትየዋ የመጣችበት አይደለም። ፓራሲታሞል ለጥቂት ሰዓት ስላበረደው ቆጠራው እንደገና አይጀመርም። ሌላው ክፉ ልማድ ሕፃኑ ከጤና ጣቢያ ወደ ግል ክሊኒክ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ሲሄድ እያንዳንዱ ቤት ከአንድ መቁጠሩ ነው። ካርዱ ላይ «የትኩሳት 6ኛ ቀን» ተብሎ በጉልህ ይጻፍ።

ምልክቶቹም በአንድ ቀን አብረው አይገኙም። ሰኞ የነበረ ሽፍታ ረቡዕ ጠፍቶ ቢቆይ ተቆጥሯል። «ዛሬ የለም» ብሎ መሰረዝ የተለመደ ስሕተት ነው። እናትየዋ ወይም አባትየው በስልካቸው ያነሱት ፎቶ ካለ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይኖራል።

ልብሱን አውልቃችሁ እዩ

ሕፃኑን መስኮት አጠገብ አስተኝታችሁ እስከ ዳይፐሩ ድረስ ልብሱ ይውለቅ። ከንፈሩ ላይ ቅቤ ወይም ቫዝሊን ከተቀባ በረጠበ ጎዝ ጠርጉት፤ መሰነጣጠቁና መቅላቱ የሚታየው ያኔ ነው። በትኩሳት መካከል የተሰነጣጠቀ ከንፈር ብዙ ቤት «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይደረግለታል። ጉሮሮው ቀልቶ ጡት እምቢ ሲል ደግሞ «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ሊቆረጥ የሚወሰድ አለ። ይህን ሳትቆጡ ጠይቁ። እንጥሉ ከተቆረጠ ቁስሉ ለትኩሳቱ ሌላ ምክንያት ሆኖ ይቀርብና ሐኪሙን ያሳስታል።

ዓይኑ ሁለቱም ወገን ይቀላል እንጂ ዓይናር አያወጣም፤ በብሌኑ ጥቁር ዙሪያ ቀጭን ነጭ ቀለበት ሳይቀላ ይቀራል። ኩፍኝ ከሆነ ዓይኑ ያነባል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ ሳል አለ፣ ሽፍታውም ከጆሮ ጀርባና ከፊት ይጀምራል። የማገዶ ጭስ ያቀላው ዓይን ዋርድ ውስጥ ሲያድር ይጠራል።

የካዋሳኪ ሽፍታ መልኩ ብዙ ነው፤ ውኃ የቋጠረ ወይም መግል የያዘ ከሆነ ግን ሌላ በሽታ አስቡ። በጠቆረ ቆዳ ላይ ቅላት ስለማይጎላ ብሽሽቱን አጥብቃችሁ ተመልከቱ፤ ቀድሞ የሚቀላውና የሚላጠው እሱ ነው። የእጅና የእግሩ እብጠት ጠጠር ያለ ነው፣ ሲነካም ያስለቅሰዋል። ከጥፍር ሥር የሚጀምረው የጣት ቆዳ መላጥ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ስለሚቆይ እሱን መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው።

አሁን የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ) ክትባት የተሰጠበትን ክንድ ገልጣችሁ እዩ። ቢሲጂ በውልደት በሚሰጥበት አገር ይህ በነፃ የተገኘ ምርመራ ነው። ድኖ የነበረው የክትባት ጠባሳ ድንገት ቀልቶ፣ ጠጥሮ፣ ቅርፊት ከያዘ ካዋሳኪን አጥብቃችሁ ጠርጥሩ፤ ከአምስቱ ውስጥ ባይቆጠርም ትልቅ ፍንጭ ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ ከተከተበ ጥቂት ሳምንት ብቻ የሆነው ሕፃን ቦታው በተፈጥሮው ያብጣል፣ ይቆስላል። የሚያስጠረጥረው ከዳነ በኋላ ከትኩሳቱ ጋር መልሶ የተቆጣው ነው። «ጠባሳው መቼ ደረቀ?» ብሎ መጠየቅ ይለያቸዋል።

ላብራቶሪ

ሲአርፒ በሊትር 30 ሚሊ ግራም፣ ኢኤስአር በሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ወይም በላይ ከሆነ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። የሲአርፒውን መለኪያ አንብቡ፤ በዴሲ ሊትር 3 ማለት በሊትር 30 ነው። «ፖዘቲቭ» ብቻ ተብሎ የተመለሰ ውጤት አይበቃም፣ ቁጥር ጠይቁ። ካልተገኘ ኢኤስአር የትም ይሠራል። ዌስተርግሬን ለሚባለው የኢኤስአር አሠራር 1.6 ሚሊ ሊትር ደም ከ0.4 ሚሊ ሊትር ሲትሬት ጋር ይቀላቀላል፤ ቱቦው ካዘመመ ውጤቱ ያለ አግባብ ከፍ ይላል።

ከዚያ ስድስት ነገር ይታያል፦ ለዕድሜው ያነሰ ሄሞግሎቢን፣ ከ7ኛው ቀን በኋላ 450,000 የደረሰ ፕላትሌት፣ 15,000 የደረሰ ነጭ የደም ሴል፣ 3 ግራም በዴሲ ሊትር ወይም በታች የሆነ አልቡሚን፣ ከፍ ያለ ኤኤልቲ (የጉበት ኢንዛይም)፣ በሽንት ማይክሮስኮፕ በአንድ እይታ 10 ነጭ ሴል። ሦስቱ ከተገኙ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሳይጠበቅ ሕክምና ይጀመራል። የሁለት ወር ሕፃን ሄሞግሎቢን በተፈጥሮው እንደሚወርድ አትርሱ፤ በአዋቂ መለኪያ ሁሉም ደም ማነስ አለበት። ፕላትሌቱም በመጀመሪያው ሳምንት ልከኛ መሆኑ ካዋሳኪን አያስቀርም፤ በሁለተኛው ሳምንት ድገሙት።

ሽንቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሴሎቹ ብዙውን ጊዜ ከሽንት መውጫ ቱቦው የሚመጡ ስለሆኑ በካቴተር የተወሰደ ሽንት ሊያመልጣቸው ይችላል፤ ዲፕስቲክም ላያያቸው ይችላል። በከረጢት ወይም ሲሸና የተያዘው በማይክሮስኮፕ ይታይ፤ ለካልቸር ግን በካቴተር የተወሰደው ይሻላል። ካልቸሩ ምንም ካላበቀለ «በከፊል የታከመ የሽንት ኢንፌክሽን» ብላችሁ አትዝጉት። የጀርባ ፈሳሹም ባክቴሪያ ሳይኖረው ሴል ሊያሳይ ይችላል። ሴፍትሪያክሶን የተባለው አንቲባዮቲክ ከተጀመረ በኋላ የወጣ ሽፍታም ሁልጊዜ የመድኃኒት አለርጂ አይደለም። ሦስቱ ማሳሳቻዎች አንድ ሕፃን ላይ ሲገጥሙ መጠርጠር ያለበት ካዋሳኪ ነው።

ሲአርፒውም ኢኤስአሩም ዝቅ ካለ ሕፃኑን በየቀኑ እዩ፤ ትኩሳቱ ከቀጠለ ድገሙት።

ኢኮና መላክ

ኢኮ የሚጠይቀው ሕፃኑ ጸጥ እንዲል ነው፤ ጠብቶ እንደተኛ ይሠራ፣ ካልሆነ ማስተኛ ይሰጠው። ለትልቅ ልጅ ጤናማ የሆነ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ለሁለት ወር ሕፃን የሰፋ ሊሆን ስለሚችል ልኬቱ በዜድ ስኮር (ለሰውነቱ መጠን ከሚጠበቀው አማካይ ምን ያህል እንደራቀ በሚያሳይ ቁጥር) ይነገር፤ 2.5 ወይም በላይ ከሆነ ውጤቱ ፖዘቲቭ ነው። ዜድ ስኮር የሚሰላው ከክብደትና ከቁመት ነው። ሪፈር ወረቀቱ ላይ ክብደት ተጽፎ ቁመት መዘለሉ የተለመደ ነውና ለክታችሁ ጻፉ። ኮሮናሪው መስፋት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በመሆኑ የ5ኛው ቀን ጤናማ ኢኮ ነፃ አያወጣም።

ከጤና ጣቢያ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ስትልኩ የትኩሳቱን ቀን፣ የታዩና የጠፉ ምልክቶችን ከነቀናቸው፣ የተሰጠ አንቲባዮቲክን ጻፉ። አስፒሪንም ሆነ ስቴሮይድ በራሳችሁ አትጀምሩ።

ኢሚዩኖግሎቡሊን በኪሎ 2 ግራም በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሰዓት በሚዘልቅ ፍሰት ይሰጣል። 5 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን 10 ግራም፣ ማለትም ባለ 10 ፐርሰንቱ 100 ሚሊ ሊትር ነው። መድኃኒቱ ውድ ስለሆነና ሁልጊዜ ስለማይገኝ ፍለጋው በጥርጣሬ ቀን እንጂ በኢኮ ውጤት ቀን አይጀመር። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ የሚቀመጥበትን ሙቀት ከማሸጊያው አንብቡ፤ ከበረዶ ጋር ተነካክቶ ከረጋ አይሰጥም። 10 ቀን ቢያልፍም ሲአርፒው ወይም ኢኤስአሩ ከፍ እንዳለ ሆኖ ትኩሳቱ ካልወረደ ወይም አኑሪዝም ከታየ አሁንም ይሰጠዋል። ከተሰጠ በኋላ ኢኤስአር ራሱ ኢሚዩኖግሎቡሊኑ ከፍ ስለሚያደርገው ክትትሉ በሲአርፒ ይሁን።

ሲወጣ የክትባት ካርዱ ላይ መድኃኒቱን የወሰደበትን ቀን ጻፉ። የ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ከዚያ ቀን 11 ወር መቆየት አለበት። ቀድሞ ቢሰጥ ሕፃኑን አይጎዳውም፤ የተቀበለው አንቲቦዲ ግን ክትባቱን ያከሽፈዋል። ወረርሽኝ ገብቶ ቀድሞ ከተሰጠው በኋላ ይደገምለት።