ላባ ሻንጣ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት

ሐረር ጊድር መጋላ ሥጋ ተራ አካባቢ ጭልፊቶች ከሰው እጅ ሥጋ ሲነጥቁ ያየ ሁሉ የወደቀ ላባ ማንሳት ያምረዋል። በተለይ ልጆች። አሜሪካ ላሉ ዘመዶቻችሁ ማስታወሻ ልትልኩት ካሰባችሁ ግን እባካችሁ ተዉት።

ጭልፊት፣ ንስርና ጥንብ አንሳ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት (ሳይተስ) ስር ናቸው። ላባቸውም እንደ ወፏ ነው የሚታየው። ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። በአገራችንም የዱር እንስሳትን የሚመለከት አዋጅ አለ።

ወደዚያ የምትሄዱ ደግሞ ይህን እወቁ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1918 የወጣ የተሰዳጅ ወፎች ሕግ አለ። በሕጉ ዝርዝር ያሉት ወፎች ከ1,000 ዝርያ በላይ ናቸው። የእነሱን ላባ ከግቢያችሁ ሣር ላይ አንስቶ ማስቀመጥ እንኳ ክልክል ነው። "ወድቆ አገኘሁት" ማለት አያድንም። ከባድ ሊመስል ይችላል፣ እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ። በዚያ ዘመን ለሴቶች ባርኔጣ ጌጥ ሲባል ወፎች በገፍ ይገደሉ ነበር። ደግሞስ የወደቀውን ላባ ከተገደለ ወፍ ከተነቀለው ማን ይለየዋል? የንስር ላባማ የራሱ ጥብቅ ሕግ አለው።

የዶሮና የተራ እርግብ ላባ በዚህ ሕግ አይካተትም። ከውጭ ይዛችሁ ስትገቡ ግን የወፍ በሽታ ስለሚያሰጋቸው ለጉምሩክ አሳውቁ።

ልጆቹ ላባ ካገኙ በስልክ ፎቶ አንሱላቸው። ከየትኛው ወፍ እንደወደቀ አብራችሁ ፈልጉ። ላባው እዚያው ይቅር።