ማንትራ ከመቀበልዎ በፊት፦ ስለ ማሃሪሺው ሜዲቴሽን የሚሠሩ ስህተቶች

ትራንሰንደንታል ሜዲቴሽንን ሰው ወይ ጠቅልሎ ያቅፈዋል ወይ ጠቅልሎ ያወግዘዋል። ጠዋትና ማታ ለ20 ደቂቃ ዓይንን ጨፍኖ፣ ማንትራ የሚባል ቃል በልብ እየደገሙ መቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ ሕንዳዊው መምህር ማሃሪሺ ማሄሽ ዮጊ በዙሪያው የገነቡት ድርጅት ደግሞ ሌላ። ስህተቱ የሚጀምረው ሁለቱን ከማምታታት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት «ከሃይማኖት ጋር አይገናኝም» የሚለውን ሳያላምጡ መዋጥ ነው። ተማሪው ማንትራ በሚቀበልበት ቀን ፍራፍሬ፣ አበባና አዲስ ነጭ መሐረብ ይዞ እንዲመጣ ይነገረዋል። ጫማውን አውልቆ ሲገባ ሻማ በርቷል፣ ዕጣን ይጤሳል፤ ጠረጴዛው ላይ ጢማም መነኩሴ በፎቶ ተቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1953 ያረፉት የማሃሪሺ መምህር፣ ስዋሚ ብራህማናንዳ ሳራስዋቲ ናቸው። አስተማሪው የመጣውን ከፎቶው ፊት እያኖረ በሳንስክሪት ያዜማል፤ ፑጃ ይሉታል። ከዚያ ማንትራውን ያሰማዋል፤ ተማሪው ድምፁን ዝቅ፣ ዝቅ እያደረገ ይደግመዋል፣ በመጨረሻም በልቡ ብቻ። ድርጅቱ ሥርዓቱ ለመምህራን የሚቀርብ ምስጋና እንጂ አምልኮ አይደለም ባይ ነው። በአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ግዛት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይሰጥ የነበረውን ትምህርት ግን ፍርድ ቤት ሃይማኖታዊ ነው ብሎ አገደው፤ ይግባኝ ሰሚውም በ1979 አጸናው። ዕጣን ጤሶ በዜማ ስም ሲጠራ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ እኛ ዳኛ የሚያስፈልገን አይመስለኝም። ቢያንስ የዜማውን ትርጉም ጠይቆ አንብቦ መወሰን ነው።

ሁለተኛው፣ ሐሳብን ለማባረር መታገል። ብዙ ጀማሪ «አእምሮዬ ባዶ አልሆነልኝም» ብሎ በሳምንቱ ይተወዋል። ዘዴው ግን ትግል አይፈልግም። ስለ ቤት ኪራይ ማሰብ ጀመሩ እንበል፤ ሐሳብ ይዞዎት እንደሄደ ሲነቁ ቀስ ብለው ወደ ማንትራው ይመለሳሉ፣ በቃ።

ማንትራው ለእኔ ብቻ ተመርጦ የተሰጠኝ ነው ብሎ ማመንም አለ። ከድርጅቱ የወጡ አስተማሪዎች ቃሉን የሚያድሉት በዋናነት ዕድሜ አይተው እንደነበር በግልጽ ተናግረዋል።

ከሁሉ አደገኛው «ሳይንስ አረጋግጦታል» ብሎ የደም ግፊት ክኒን ማቆም ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2013 ባወጣው መግለጫ፣ ዘዴው ግፊትን በመጠኑ ሊቀንስ ስለሚችል ከሌላው ሕክምና ጎን ሊታሰብበት ይችላል አለ እንጂ መድኃኒት ይተካል አላለም። ይህን መግለጫ ይዞ ለ«ዮጋ በረራ» ማስረጃ ማድረግ ደግሞ የባሰ ነው። በረራ የተባለው በድርጅቱ የላቀ ሥልጠና ሰዎች እግራቸውን አጣጥፈው ስፖንጅ ፍራሽ ላይ እንደ እንቁራሪት ሲዘሉ የሚታይበት ነው።

የታዋቂ ሰው ምስክርነትም አያስቸኩልዎ። የእንግሊዝ የሙዚቃ ቡድን የሆኑት ቢትልሶች በ1968 ማሃሪሺ ዘንድ ለመማር ወደ ሕንዷ ሪሺኬሽ ሲሄዱ ከአባላቱ አንዱ ሪንጎ ስታር ሆዱ የሕንድ ምግብ ስለማይስማማው ሻንጣ ሙሉ የታሸገ ባቄላ ይዞ ነበር፤ በ10 ቀን ገደማም ወጣ። ሌሎቹ የቡድኑ አባላት ጆን ሌነንና ጆርጅ ሃሪሰን ስለ ማሃሪሺ በተወራ ሐሜት ተቆጥተው ሚያዝያ ላይ ጥለው ሄዱ፤ ሃሪሰን ከዓመታት በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። በ2009 ደግሞ ይኸው ባለ ባቄላው ሪንጎ ከቀድሞ የቡድን ባልደረባው ፖል ማካርትኒ ጋር ኒውዮርክ መድረክ ላይ ወጣ፤ ገቢው ልጆችን ይህንኑ ሜዲቴሽን ለማስተማር ነበር።